የደንበኞቻችሁን ዝርዝር ለሌላ ድርጅት ከመላካችሁ በፊት፦ መመሪያ ለሐዋሳ ነጋዴዎች

ሐዋሳ ውስጥ ሥራ የሚያያዘው በመተዋወቅ ነው። የፔንሲዮኑ ባለቤት ሐይቁ ላይ በጀልባ የሚያስጎበኘውን ልጅ ያውቀዋል። ፒያሳ ልብስ የምትሸጠው ሴት ዕቃ የሚያደርስላት የራሷ ሞተረኛ አላት። ክሊኒኩም ኮምፒውተሩን የሚያይለት ባለሙያ አለው። ሥራው ሰፋ ሲል ከእነዚህ አንዱ «እስቲ የደንበኞችህን ዝርዝር ላክልኝ» ይላል። ኤክሴሉ በቴሌግራም ይሄዳል። የብዙ መቶ ሰው ስም፣ ስልክና አድራሻ ያለ አንዲት ፊርማ ከእጅ ወጣ ማለት ነው።

ከዚያ ወዲያ መመለሻ የለውም። ፋይሉ ከአንዱ ስልክ ወደ ሌላው ይሻገራል፤ የት እንደደረሰ የሚያውቅም የለም። ያኔ ውል እንጻፍ ማለት ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ስለዚህ ከታች ያለው አብዛኛው ሥራ የሚሠራው ከመላካችሁ በፊት ነው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። የምስጢር ጥበቃ ውል (ኤንዲኤ የሚባለው) የሚያስረው እናንተንና ሸሪካችሁን ነው። ደንበኛው እዚያ ወረቀት ላይ የለበትም። ስለዚህ ከሸሪክ ጋር መፈራረም የደንበኛውን ፈቃድ አይተካም። «ኤንዲኤ ተፈራርመናል እኮ» ብሎ ያለ የሌለውን የሚልክ ሰው ብዙ ነው። ውሉ ሸሪካችሁ ያየውን እንዳያወጣ ያግደዋል። እናንተ መጀመሪያውኑ የመስጠት መብት ነበራችሁ ወይ የሚለውን ግን አይመልስም።

ጉዳዩ የጨዋነት ብቻም አይደለም። የሰው የግል ሕይወት የመከበር መብት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ላይ አለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። አዋጁ ለባንክና ለቴሌኮም ብቻ የወጣ የሚመስለው ሰው አለ። የደንበኛ ስምና ስልክ እየመዘገበ የሚሠራ ፔንሲዮንም፣ ሱቅም፣ የግል ትምህርት ቤትም ቢያነበው ይበጀዋል።

1. ሸሪካችሁ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ለዩ

ሁለት ዓይነት ሸሪክ አለ። አንደኛው የእናንተን ሥራ በእናንተ ትእዛዝ የሚሠራ ነው። የበዓል መልካም ምኞት በኤስኤምኤስ የሚልክላችሁ ድርጅት፣ ዕቃ የሚያደርስ ሞተረኛ፣ ሒሳብ የሚሠራላችሁ አካውንታንት እዚህ ውስጥ ናቸው። ዳታው ለምን እንደሚውል የምትወስኑት እናንተ ናችሁ፤ እነሱ ያላችኋቸውን ይሠራሉ።

ሁለተኛው ዝርዝሩን ለራሱ ጉዳይ የሚፈልገው ነው። የእናንተን እንግዶች የራሱን ጉብኝት ሊሸጥላቸው የሚፈልግ አስጎብኚ፣ የተማሪ ወላጆችን ስልክ የሚጠይቅ የደንብ ልብስ ሰፊ፣ «የጋራ ፕሮሞሽን እንሥራ» የሚል ጂም እዚህ ይገባሉ። እነዚህ ዝርዝሩን ሲቀበሉ ደንበኛው ሳያውቀው የእነሱም ደንበኛ ሆነ ማለት ነው።

ለመጀመሪያው ዓይነት ጥሩ ውልና ጥንቃቄ አብዛኛውን ይሸፍናል። ለሁለተኛው የደንበኛው የራሱ እሺታ ከሌለ አትስጡ። ሸሪኩ የቱንም ያህል ቢታመን፣ የቱንም ያህል ኮሚሽን ቢያቀርብ።

2. ደንበኛው ምን ተብሎ እንደሰጣችሁ አስታውሱ

አንዲት እናት ስልኳን ለልጇ ትምህርት ቤት የሰጠችው ልጁ ቢታመም እንዲደወልላት ነው። እንግዳው ለፔንሲዮኑ መታወቂያውን ያሳየው ክፍል ሊይዝ ነው። በዚያ ምክንያት የተሰጠ መረጃ ለሌላ ጉዳይ ሲውል ሰው ይከፋዋል፤ መከፋቱም ትክክል ነው።

ፈቃድ ለመጠየቅ ረጅም ጽሑፍ አያስፈልግም። መመዝገቢያ ቅጻችሁ ላይ ሁለት የተለያዩ ሳጥኖች ጨምሩ። አንዱ፦ «ዕቃዬን ለማድረስ ብቻ ስሜና ስልኬ ለማድረሻ ድርጅቱ ቢሰጥ እስማማለሁ።» ሌላው፦ «የጉብኝትና የቅናሽ መልእክት እንዲልክልኝ ስልኬ ለእገሌ ድርጅት ቢሰጥ እስማማለሁ።» የድርጅቱ ስም ይጻፍ። «ለሸሪኮቻችን» የሚል ቃል ማንንም ስለሚያስገባ ለማንም አይበጅም። ሳጥኑ አስቀድሞ ምልክት የተደረገበት አይሁን፤ ደንበኛው ራሱ ያድርግ። ሐሳቡን ከቀየረ በየት ስልክ ደውሎ እንደሚያስወጣ ከሥር ጨምሩለት።

የጤና መረጃ ከሆነ ነገሩ ይጠብቃል። የሕመም ዓይነት፣ የላብራቶሪ ውጤት፣ የመድኃኒት ስም ከተራ ስልክ ቁጥር ጋር አንድ አይደለም። ክሊኒክ ያላችሁ ሰዎች የሕግ ባለሙያ ሳታማክሩ ለማንም አትላኩ። ሶፍትዌር የሚጠግን ባለሙያም ቢሆን የበሽተኛ ካርድ ሳያይ ሊሠራ የሚችልበት መንገድ ካለ መጀመሪያ እሱ ይሞከር።

3. ፋይሉን አራቁቱት

ከሁሉም ደረጃዎች ብዙ ጥቅም ያለው ይሄ ነው ብዬ አምናለሁ። ያልተላከ ነገር አያፈተልክም።

አንድ የፔንሲዮን ኤክሴል እንውሰድ። ዓምዶቹ እነዚህ ናቸው፦ ሙሉ ስም፣ ስልክ፣ የፋይዳ ቁጥር፣ የመጣበት ከተማ፣ የክፍል ቁጥር፣ የገባበት ቀን፣ የወጣበት ቀን፣ አብሮ ያደረ ሰው፣ የከፈለው፣ አስተያየት። ጀልባ የሚያስጎበኘው ልጅ ከዚህ ውስጥ ምን ያስፈልገዋል? የመጀመሪያ ስም፣ ስልክ፣ የሚመጣበት ቀን። በቃ። ያውም ጉብኝት የጠየቁትን እንግዶች ብቻ።

የቀረውን ተመልከቱት። «አብሮ ያደረ ሰው» የሚለው ዓምድ ትዳር ሊያፈርስ ይችላል። «አስተያየት» የሚለው ደግሞ የእንግዳ ተቀባዩ የግል ማስታወሻ ነው፤ «ነዝናዛ ነው»፣ «ቀሪ ዕዳ አለበት» የሚል ነገር ይጻፍበታል። የፋይዳ ቁጥርና የመታወቂያ ፎቶ የማንነት ማረጋገጫ ናቸው፤ በምንም ምክንያት ለንግድ ሸሪክ መሄድ የለባቸውም።

ሌላም ከተማችን ላይ የማየው ነገር አለ። ኢንዱስትሪ ፓርኩ 2008 ዓ.ም. ላይ ከተመረቀ ወዲህ ብዙ ወጣት ሴቶች ከገጠር መጥተው በየሰፈሩ ቤት ተከራይተው ይኖራሉ። ቤት አፈላላጊውም፣ የወር ዱቤ የሚሰጠው ሱቅም ስማቸውን፣ ስልካቸውንና ሰፈራቸውን መዝግቦ ይይዛል። ብቻዋን የምትኖር ልጅ ስልክና የመኖሪያ ቦታ ባንድ መስመር ላይ ሲቀመጥ፣ ያ ወረቀት ክፉ ሰው እጅ ቢገባ ምን እንደሚሆን አስቡት። ለማስታወቂያ የሚፈልግ ሰው ሰፈሩን አይፈልግም። አትስጡት።

ማራቆቱ እንዲህ ይሠራል። አዲስ ባዶ ኤክሴል ክፈቱ። የሚያስፈልጉትን ዓምዶች ብቻ ኮፒ አድርጋችሁ እዚያ ለጥፉ። በአዲስ ስም ሴቭ አድርጉ። ከዋናው ፋይል ላይ ዓምድ መደበቅ እንደማጥፋት አይቆጠርም። የተደበቀ ዓምድ ከፋይሉ ጋር አብሮ ይሄዳል፤ ተቀባዩ በሁለት ክሊክ ያወጣዋል። ወደ ሲኤስቪ (ተራ የጽሑፍ ፋይል) ብትቀይሩትም የተደበቀው ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከሥር ያሉትን ሌሎች ሺቶችም አትርሱ። ያለፈው ዓመት የዱቤ መዝገብ ሁለተኛው ሺት ላይ ተቀምጦ አብሮ ሊላክ ይችላል።

ከመዝጋታችሁ በፊት አንድ ነገር ጨምሩ። ቤት ያለ ሁለተኛ ሲም ቁጥር ውሰዱና የትም በሌለ ስም ዝርዝሩ መሐል አስገቡት። ለእያንዳንዱ ሸሪክ የተለየ ስም ስጡት። ለአስጎብኚው «ወርቅአገኘሁ»፣ ለኤስኤምኤስ ድርጅቱ «ብርነሽ» ይሁን። ነገ አንድ የማታውቁት ድርጅት «ውድ ብርነሽ» እያለ መልእክት ቢልክ፣ ዝርዝሩ ከማን እጅ እንደወጣ አወቃችሁ።

4. ጥያቄውን አንሱ

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሰንፋል። ወረቀት መጠየቅ «አላመንከኝም» ማለት ይመስላል። በተለይ ሸሪኩ በዕድሜ ትልቅ ከሆነ፣ ወይም ዘመድ ከሆነ አፍ ያስይዛል።

ቀላሉ መንገድ እውነቱን መናገር ነው። ለትልቅ ሰው፦ «ጋሼ፣ እርስዎን ሳላምን ቀርቼ አይደለም። ዝርዝሩ ግን የኔ አይደለም፣ የደንበኞቼ ነው። ነገ ሠራተኞችዎም ይነኩታል። ለነሱም ለኔም ወረቀት ቢኖረን ደስ ይለኛል።» ለእኩያ ደግሞ ውሉን የሁለት ወገን አድርጉት፦ «አንተ የኔን ደንበኞች አታወጣም፣ እኔም ያንተን የዋጋ ዝርዝር አላወጣም፤ ሁለታችንም እንፈርም።» ሁለቱንም የሚያስር ውል ማንንም አያስቀይምም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ «እኔ አልፈርምም» ካለ፣ የምትፈልጉትን መልስ ሰጥቷችኋል።

5. ውሉን ጻፉ

ከኢንተርኔት የወረደ አሥር ገጽ የእንግሊዝኛ ቅጽ አትጠቀሙ። ሁለታችሁም አንብባችሁ የምትረዱት ሁለት ገጽ የአማርኛ ውል ይበልጣል። በሕግ አግባብ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ የጸና መሆኑን የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1731 ይናገራል። ታዲያ ያልገባችሁን ሕግ ለራሳችሁ አታውጡ። የሚከተሉት አንቀጾች ግን ይግቡ።

ምስጢር የሚባለው ምንድን ነው? «ማንኛውም መረጃ» ብሎ ማለፍ በኋላ ያከራክራል። ስሙን ጥሩት፦ «ምስጢራዊ መረጃ ማለት ሰጪው በዚህ ውል መሠረት የሚያስተላልፈው የደንበኞች ስም፣ ስልክ ቁጥርና የጉብኝት ቀን ሲሆን፣ በጽሑፍ፣ በቃልም ሆነ በስልክ የተላለፈውን ይጨምራል።»

ለምን ይውላል? «ተቀባዩ መረጃውን የሚጠቀመው ጉብኝት ለጠየቁ እንግዶች ቀጠሮ ለመያዝ ብቻ ነው። የራሱን ማስታወቂያ ለመላክ፣ ለመሸጥ፣ ለመለወጥ ወይም ከሌላ ዝርዝር ጋር ለማዋሃድ አይጠቀምበትም።» «ማዋሃድ» የምትለዋን ቃል አትዝለሏት። ከራሱ ዝርዝር ጋር አንዴ ከቀላቀለው በኋላ የእናንተን ለይቶ ማጥፋት አይቻልም።

ማን ያየዋል? የሚያዩት ሰዎች በሥራ ድርሻቸው ይጠቀሱ። ሥራውን ለሦስተኛ ወገን ማስተላለፍ ከፈለገ አስቀድሞ የጽሑፍ ፈቃድ እንዲጠይቅ ጻፉ። ኤስኤምኤስ የሚልክላችሁ ድርጅት ራሱ ለሌላ ድርጅት ሰጥቶ የሚያሠራ ከሆነ ማወቅ አለባችሁ። ዳታው ከአገር ውጭ ባለ ሰርቨር የሚቀመጥ ከሆነም አዋጁ የራሱ ቅድመ ሁኔታዎች ስላሉት አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ቢያፈተልክ መቼ ይነግራችኋል? እናንተ ለባለሥልጣኑ ለማሳወቅ ያላችሁ ጊዜ 72 ሰዓት ነው። ሸሪካችሁ ዘግይቶ ቢነግራችሁ ጉዳቱን ለመቀነስ የሚተርፋችሁ ጊዜ ያንሳል። ስለዚህ «ተቀባዩ ባወቀ በ24 ሰዓት ውስጥ በስልክና በጽሑፍ ያሳውቃል» ብላችሁ ጻፉ።

ምን አይካተትም? ቀድሞ በይፋ የታወቀ መረጃ፣ ወይም ፍርድ ቤት ያዘዘው ነገር ምስጢር ሊባል አይችልም። ትእዛዝ ሲመጣበት ግን፣ ሕጉ ካልከለከለው በቀር፣ ከመስጠቱ በፊት እንዲያሳውቃችሁ ጨምሩ።

እስከ መቼ? ሥራው በስድስት ወር ሊያልቅ ይችላል። ምስጢር የመጠበቁ ግዴታ ግን አብሮ አያልቅ። «ይህ ውል ቢቋረጥም የምስጢር ጥበቃ ግዴታው ይቀጥላል» የሚል መስመር አስገቡ።

መቀጫ። እዚህ ላይ አትፈሩ። የደንበኛ ዝርዝር ሲወጣ ጉዳቱን በብር ተምኖ ማስረዳት ከባድ ነው። ስንት ደንበኛ እንደሸሸ በምን ይረጋገጣል? የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1889 ተዋዋዮች መቀጫውን አስቀድመው እንዲወስኑ ይፈቅዳል። ቁጥር 1892 ደግሞ ጉዳት መድረሱ ባይረጋገጥም መቀጫው እንደሚከፈል ይደነግጋል። ስለዚህ የተቆረጠ የብር መጠን ጻፉ። ሸሪካችሁ ዝርዝሩን ቢሸጥ ከሚያገኘው በላይ ይሁን፤ ካልሆነ መቀጫነቱ ይቀራል።

በመጨረሻ፣ ክርክር ቢነሳ የሚታየው ሐዋሳ በሚገኝ ሥልጣን ያለው ፍርድ ቤት እንደሆነ ይጠቀስ። ሸሪኩ የአዲስ አበባ ድርጅት ሲሆን ይሄ መስመር ብዙ የመንገድ ወጪ ያድናል።

6. በትክክል ፈርሙ

ማን ነው የሚፈርመው? ፈገግታ ያለው የሽያጭ ሠራተኛ ድርጅቱን ማሰር ላይችል ይችላል። ንግድ ፈቃዱን እዩ። የሥራ አስኪያጁን ስም አመሳክሩ። ሌላ ሰው የሚፈርም ከሆነ የውክልናውን ኮፒ ያዙ። የቲን ቁጥሩም ውሉ ላይ ይስፈር።

በጽሑፍ መደረግ ያለበት ውል በተዋዋዮቹ ተፈርሞ በሁለት ምስክሮች መረጋገጥ እንዳለበት የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1727 ያዛል። የእናንተ ውል የግድ በጽሑፍ ይሁን ባይባልም ሁለት ምስክር አቁሙ። ከሁለታችሁም ሠራተኞች ውጭ ቢሆኑ ይመረጣል። ገንዘቡ ከበድ ካለ ውልና ማስረጃ ሄዳችሁ አረጋግጡት።

እያንዳንዱ ገጽ ላይ ፈርሙ፤ መጨረሻው ገጽ ላይ ማኅተም ይረፍ። ቀኑ ላይ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» የሚለው እንዳይቀር። የቀን ቁጥሩ ብቻ ከተጻፈ በኋላ የትኛው አቆጣጠር ነው የሚል ጭቅጭቅ ይመጣል።

7. አላላኩ

ፋይሉን በይለፍ ቃል ቆልፉት። ኤክሴል ላይ ፋይል፣ ከዚያ ኢንፎ፣ ከዚያ ፕሮቴክት ወርክቡክ የሚለው ውስጥ በፓስዎርድ መቆለፊያ አለ። ፋይሉ በኢሜይል ከሄደ ፓስዎርዱ በስልክ ይነገር። ሁለቱን ባንድ ቻት መላክ ቁልፉን በሩ ላይ ሰክቶ መሄድ ነው።

ጎግል ሺት የምትጠቀሙ ከሆነ በስሙ ለተጠቀሰ ኢሜይል ብቻ ክፈቱ። «ሊንኩ ያለው ሁሉ» የሚለውን አትምረጡ። ማየት ብቻ የሚበቃው ሰው ማውረድ፣ ማተምና ኮፒ ማድረግ እንዳይችል መዝጋት ይቻላል። በቴሌግራም ግሩፕ ግን በፍጹም አይላክ። ከሁለቱም ወገን ብታጠፉት እንኳ ቀድሞ ያወረደው ሰው ስልክ ላይ ይቀራል።

አንድ ደብተር ይኑራችሁ፦ ለማን፣ ምን፣ መቼ፣ ስንት መስመር ተላከ። ችግር ሲመጣ ሁሉም የሚፈልገው ያንን ደብተር ነው።

8. ካፈተለከ

መጀመሪያ ቀዳዳውን ዝጉ፤ የጎግል ሺቱን መዳረሻ አንሱ፣ ፓስዎርድ ቀይሩ። ቀጥሎ ምን ዓይነት መረጃ፣ የስንት ሰው፣ ከመቼ ጀምሮ እንደወጣ ጻፉ። ያያችሁትን መልእክት ሁሉ ስክሪንሹት አድርጋችሁ አስቀምጡ። 72 ሰዓቱ መቆጠር ስለጀመረ ለኮሙኒኬሽን ባለሥልጣኑ አሳውቁ። ሙሉ ዝርዝር እስኪገኝ ብላችሁ አትጠብቁ።

ደንበኞቻችሁንም ንገሯቸው። ጥፋቱ የሸሪኩ ቢሆንም እነሱ የሚያውቁት እናንተን ነው። አጭር ይሁን፦ «ስልክ ቁጥርዎ ያለፈቃዳችን ለሌላ ወገን ደርሷል። በእኛ ስም ገንዘብ ወይም የቴሌብር ፒን የሚጠይቅዎ ሰው ቢደውል እኛ አይደለንም፤ አይስጡ።» አጭበርባሪ የመጀመሪያውን ስልክ ከመደወሉ በፊት ይህ መልእክት ከደረሰ አንድ ሰው ገንዘቡን ያተርፋል።

ለሸሪኩ ደግሞ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ላኩ። መቀበሉን አስፈርሙት፣ ኮፒውንም ያዙ።

9. ሥራው ሲያልቅ

አብዛኛው ዝርዝር ሸሪኩ እጅ የሚቀረው ሥራው በሰላም ያለቀ ጊዜ ነው። ማንም ስለማይጣላ ማንም አይጠይቅም። ውሉ ባለቀ በሳምንት ውስጥ «ፋይሉን ከኮምፒውተር፣ ከስልክ፣ ከፍላሽና ከኢሜይል አጥፍቻለሁ» የሚል አንድ ገጽ አስፈርማችሁ ተቀበሉ። የወረቀት ኮፒ ካለ ይመለስ። የሸሪኩን ኢሜይል ከጎግል ሺቱ አውጡ። የከፊል ክፍያ ቀሪ ካለ ይህ ወረቀት ሳይመጣ አትክፈሉ፤ ይሄንንም ከጅምሩ ውሉ ውስጥ አስገቡት።

ያቺን ሁለተኛ ሲም ደግሞ አትጣሏት። በየሁለት በየሦስት ወሩ ስልክ ውስጥ አስገብታችሁ የገባ መልእክት ካለ እዩ። እንዳትዘጋም አልፎ አልፎ ካርድ ሙሉባት።